ስለ ሮአልድ አሙንሰን ሕይወትና በበረዶ ላይ ስለ ተሠራው መንደርደሪያ

ደፋር ሰው ማን ነው ተብሎ በተማሪዎች መካከል ቢጠየቅ፥ አብዛኞቹ ወደ ፊት ብቻ የሚሄደውንና ከጀመረው ነገር የማይመለሰውን ይጠቅሳሉ። ይህ አሳብ በክርስቲያኖችም ዘንድ ገብቶ፥ ሳይመዝን የተነሣውን ሰው በእግዚአብሔር ታምኖ ተነሣ ብለን እናመሰግነዋለን፤ ቆሞ የሚመዝነውን ግን እምነት ጐደለው ብለን እናማዋለን። ጌታችን ግን ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሒሳቡን እንዲመረምር አስተማረ፤ ራሱም በመቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች እንዲወረወር በተፈተነ ጊዜ አልተወረወረም። ይህን ያደረገው የአባቱን ጥበቃ ስለ ተጠራጠረ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ታሪኩን የምንተርክለት ሰው ሮአልድ አሙንሰን ይባላል። ሰባኪ አልነበረም፤ ጻድቅ አድርገንም ልናቀርበው አንወድም፤ በደሉንም በየስፍራው እንናገራለን። ነገር ግን ከአምስት ሰዎች ጋር በቀዘቀዘ ባሕር ላይ ወርዶ፥ አይሮፕላኑ ዛሬ ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ጥያቄ ለ24 ቀን ያህል በየማለዳው መመለስ ነበረበት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመንና ወር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አሙንሰን በኖርዌይ አገር፥ ፍሬድሪክስታድ በምትባለው ከተማ አጠገብ፥ በ1872 ዓ.ም. በጁላይ 16 ቀን ተወለደ። አባቱ የመርከብ ባለቤትና የመርከብ አለቃ ነበረ፤ ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው ሞተ። እናቱ ሐኪም እንዲሆንላት ትመኝ ስለ ነበረ እርሷን ደስ ለማሰኘት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ልቡ ግን በትምህርቱ አልነበረም። በልጅነቱ ጆን ፍራንክሊን ስለሚባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ አንብቦ፥ ያ ሰውና ጓደኞቹ በሰሜን ምድር የተቀበሉት ረኃብና ብርድ ሌላውን አንባቢ ሲያስፈራ እርሱን ግን አስቀናው። ስለዚህ ሰውነቱን ለማለማመድ በብርዱ ወራት ሌሊት መስኮቱን ከፍቶ ይተኛ ጀመረ፤ እናቱ በተቈጣች ጊዜ ንጹሕ አየር ስለሚወድ እንደ ሆነ እየነገራት እውነተኛውን ምክንያት ይሰውራት ነበር። በ1893 ዓ.ም. እርሷ ስትሞት ትምህርቱን ትቶ ወደ ባሕር ሄደ።

ከዚህ በኋላ ስሙን ያስጠሩትን ሥራዎች ባጭሩ እናልፋቸዋለን። ከ1897 እስከ 1899 ዓ.ም. ቤልጂካ በምትባል መርከብ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ሄደ፤ መርከቢቱም በበረዶ ተይዛ በአንታርክቲካ ባሕር ክረምቱን ሁሉ ቆየች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ክረምት በዚያ ያሳለፈ ሰው አልነበረም። ከ1903 እስከ 1906 ዓ.ም. ደግሞ ዮአ በምትባል ትንሽ መርከብ ስድስት ጓደኞች ይዞ፥ ከአሜሪካ በስተ ሰሜን ያለውን የባሕር መንገድ ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ አቋረጠ። በመንገድም ሁለት ክረምት ከኤስኪሞዎች ጋር ኖሮ ልብስ አሰፋፋቸውንና ውሻ አነዳዳቸውን ተማረ። ራሱን እንደ ሥልጡን ሰው ቈጥሮ አልናቃቸውም፤ በኋላ ዘመን ሕይወቱን ያተረፈለትም ከእነርሱ የተማረው ነገር ነው።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የደቡብ ዋልታ ታሪክ ስናነሣ፥ ከድሉ ይልቅ ከድሉ በፊት የሆነውን ነገር እንመለከታለን። አሙንሰን በ1910 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዋልታ እንደሚሄድ አስታውቆ ከመንግሥትና ከወዳጆቹ እርዳታ ከተቀበለ በኋላ፥ ሌሎች ሰዎች ሰሜኑን እንደ ደረሱበት ወሬ ስለ ሰማ፥ አሳቡን በስውር ለውጦ መርከቡን ወደ ደቡብ መለሰ። ይህ ማታለል ነበረና የሚመሰገን አይደለም። ስውር ነገር ደግሞ ሌላ ስውር ሸክም ይወልዳል፤ አሁን ቢሸነፍ በአበዳሪዎቹና በአገሩ ፊት የሚቆምበት ፊት አልነበረውም። በዚያው ጊዜ እንግሊዛዊው ስኮት ወደዚያው ዋልታ ለመሄድ ይዘጋጅ ነበር፤ በሞተር የሚሄዱ ተንሸራታቾችም ነበሩት። ይቀድመው ይሆን የሚል ስጋት አሙንሰንን እንቅልፍ ነሣው።

ፀሐይ ከረጅሙ ሌሊት ገና በተመለሰች ጊዜ፥ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1911 ዓ.ም. ከሰባት ጓደኞቹ ጋር ተነሣ። ከመካከላቸው ያልማር ዮሐንሰን የሚባለው፥ በበረዶ ምድር ከአሙንሰን የማያንስ ልምድ የነበረው ሰው፥ ጊዜው ገና እንዳልደረሰ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ አልተሰማም። ጥቂት ቀን እንደ ተጓዙ ብርዱ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ደረሰ፤ በኮምፓሳቸው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ረጋ፤ የውሾቹም እግር ቈሰለ። አሙንሰን ስሕተቱን አይቶ ጭነቱን በመንገድ አራግፎ ተመለሰ። መመለሱ መልካም ነበረ። ነገር ግን በመጨረሻው ቀን በፈጣን ውሾች ወደ ቤቱ ቀድሞ ሲሮጥ፥ እግሩ በውርጭ የተመታው ፕሬስትሩድ ወደ ኋላ ቀረ። ዮሐንሰን ግን ጠብቆት፥ ምግብም ምድጃም ሳይኖራቸው በጨለማና በጉም ደግፎት፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አስገባው።

በማግሥቱ ጧት ዮሐንሰን በሁሉ ፊት አለቃውን ወቀሰ። ወቀሳው እውነት ነበረ፤ ነገር ግን እውነት በሰው ፊት ሲነገር ጆሮ ይደነቍራልና፥ አሙንሰን ተግሣጹን እንደ ዓመፅ ቈጥሮ ዮሐንሰንን ከዋልታው ጕዞ አስወጣው። በኦክቶበር 19 ቀን ከአራት ሰዎች ጋር እንደ ገና ተነሥቶ በዲሴምበር 14 ቀን 1911 ዓ.ም. በምድር ደቡብ ጫፍ ላይ የአገሩን ባንዲራ ተከለ። ዮሐንሰን በ1913 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ራሱን ገደለ። በሰው ልብ ያለውን የሚመረምር እግዚአብሔር ነውና፥ የዚህን ሞት ዕዳ በማንም ላይ አንጽፍም፤ ነገር ግን እውነት የተናገረ ባልንጀራን ማራቅ ምን እንደሚመስል አንባቢ ልብ ይበል።

አሙንሰን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኑን ወደ አይሮፕላን መለሰ። በ1914 ዓ.ም. አይሮፕላን መንዳት ተምሮ፥ ወታደር ካልሆኑት የኖርዌይ ሰዎች መካከል የመጀመሪያውን የአብራሪነት ፈቃድ ተቀበለ። በ1923 ዓ.ም. ከአላስካ ተነሥቶ በሰሜን ዋልታ ላይ ለመሻገር ተዘጋጀ፤ ነገር ግን በሜይ ወር ኦምዳል የሚባለው አብራሪው ለሙከራ በርሮ ሲያርፍ የአይሮፕላኑ እግር ተሰበረ። የተሰበረውን እንደ ምንም ጠጋግኖ ለመሄድ ይቻል ነበር፤ አሙንሰን ግን ጕዞውን ተወ። ስለዚህ ነገር በጋዜጣ ተዘበተበት፤ ገንዘቡም አለቀ፤ በ1924 ዓ.ም. ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ከሰረ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፥ ሁለቱንም ዋልታ የሚያውቅ ሰው፥ ለሆቴል የሚከፍለው እንኳ ሲያስጨንቀው፥ ሊንከን ኤልስዎርዝ የሚባል አሜሪካዊ ወደ እርሱ መጥቶ አብሮት ለመሄድ ለመነው። የኤልስዎርዝ አባት ባለጸጋ ነበረና ለዚህ ነገር 85,000 ዶላር ሰጠ፤ የሰጠውም ስለ ልጁ ሕይወት እየፈራ ነበር።

በዚህ ገንዘብ በጣልያን አገር የተሠሩ ሁለት አይሮፕላኖች ተገዙ። ስማቸው በጀርመን ቋንቋ ዓሣ ነባሪ ማለት ነው፤ ሆዳቸው ሰፊና ጠፍጣፋ ስለ ሆነ በውኃም በአመዳይም ላይ ለመንሸራተት ይችላሉ፤ በእያንዳንዱም ሁለት ሞተር ነበረ። ቍጥራቸው ኤን 24 እና ኤን 25 ነበረ። አሙንሰን ሁለት አይሮፕላን የፈለገው ስለ ክብር አልነበረም፤ አንዱ ቢሰበር ሁለተኛው ሰዎቹን እንዲያወጣቸው ነው። በኤን 25 አሙንሰን፥ አብራሪው ሪሰር ላርሰንና ጀርመናዊው መካኒክ ፎይኽት ገቡ፤ በኤን 24 ኤልስዎርዝ፥ አብራሪው ዲትሪክሰንና ኦምዳል ገቡ። ያዘዙት ሬዲዮ በጊዜው አልደረሰላቸውም፤ ስለዚህ ከተነሡ በኋላ ወሬያቸውን የሚያሰሙበት መንገድ አልነበረም።

በ1925 ዓ.ም. በሜይ 21 ቀን ማታ፥ ስፒትስበርገን በምትባለው ደሴት ከሚገኘው ኪንግስ ቤይ ተነሡ። ኤን 24 በቀጭኑ በረዶ ላይ ሲንደረደር በረዶው ከክብደቱ የተነሣ ጐበጠ፤ የሆዱን ብረት የሚያያይዙት ምስማሮችም ተበጠሱ። ዲትሪክሰን ይህን አወቀ። ሞተሩን ቢያጠፋ የሁሉም ጕዞ ይዘገያል፤ ሁሉም እየጠበቁት፥ ኤን 25 ቀድሞት ሲነሣ እያየ፥ እርሱ ብቻ መቆም አልሆነለትም። ስለዚህ ቀዳዳ ይዞ ተነሣ። ይህን ስንተርክ ልንፈርድበት አይደለም፤ እኛ ከዚያ ባነሰ ነገር፥ ሰው ምን ይለናል በማለት ብቻ፥ ስንት ቀዳዳ ይዘን ተነሥተናል! በኋላ ግን ያ የአንድ ደቂቃ ውሳኔ ምን ያህል ድካም እንዳመጣ እናያለን።

ስምንት ሰዓት ያህል እንደ በረሩ ቤንዚናቸው እኩል ስለ ደረሰ፥ የኤን 25 የኋላ ሞተርም ስለ ታመመ፥ በበረዶ መካከል ወደ ተከፈተ ጠባብ ውኃ ወረዱ። ስፍራውን በለኩ ጊዜ ኬክሮሱ 87 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ፤ ለዋልታው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራቸው ነበር። ሁለቱ አይሮፕላኖች ተለያይተው ስላረፉ አምስት ቀን ያህል መገናኘት አልቻሉም። በመጨረሻ ሦስቱ የኤን 24 ሰዎች ሸክማቸውን ተሸክመው ሲሻገሩ፥ ዲትሪክሰንና ኦምዳል በረዶው ከድቷቸው በባሕር ውስጥ ገቡ፤ ኤልስዎርዝ ደርቶ አወጣቸው። ኤን 24 ውኃ እየገባበት ነበርና ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቀረ፤ ለሦስት ሰዎች በተዘጋጀ አይሮፕላን ስድስት ሰዎች መሄድ ሊኖርባቸው ነው።

በአገራችን በረዶ ሲባል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር እናስባለን። በዚያ ግን ሁለት ነገር አለ፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ ከሰማይ የሚወርደው አመዳይ ነው፤ በረዶ የምንለው ደግሞ የባሕሩ ውኃ ራሱ ረግቶ የሚሠራው ነው። ይህ የባሕር በረዶ እንደ ምድር የጸና አይደለም። ነፋስና የባሕር ጅረት ሲገፉት አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ውኃ ይከፈታል፥ ሌላ ጊዜ ተጋጥሞ ቤት የሚያህል ቍልል ያወጣል፤ በመካከሉ የተገኘውንም መርከብ ሆነ አይሮፕላን እንደ ዕንቍላል ይሰብረዋል። አይሮፕላን ደግሞ በፈቃድ ብቻ አይነሣም። ክንፉ የሚበቃውን ያህል ነፋስ እስኪያገኝ ድረስ መንደርደር አለበት፤ ነፋሱ ከፊት ከመጣ አጭር ስፍራ ይበቃዋል፥ ነፋስ ከሌለ ግን ረጅም ይፈልጋል። ጭነቱ በከበደ መጠን ስፍራው መርዘም አለበት። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የመንደርደሪያው ፊት ነው፤ በውርጭ የደረቀ አመዳይ እንደ መስተዋት ያንሸራትታል፥ የሟሟ አመዳይ ግን እንደ ጭቃ ሆዱን ይዞ አይለቅም፤ ሞተሩ ቢጮህም አይሮፕላኑ ፍጥነት አያገኝም።

ስድስቱ ሰዎች ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። መሣሪያቸው ግን ጥቂት አካፋ፥ መጥረቢያና ቢላዋ ነበረ፤ ቢላዋዎቹንም በዘንግ ጫፍ አስረው በረዶ መፍለጫ አደረጓቸው። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ሆኖ የተሰፈረው ስንቅ ከግማሽ ኪሎ በታች እንዲሆን አሙንሰን ወሰነ። የመብሉን፥ የሥራውንና የእንቅልፉን ሰዓት ለየ፤ በዚያ ወራት ፀሐይ ስለማትጠልቅ ሌሊቱ የሚታወቀው በትእዛዝ ብቻ ነበር። የተራበ ሰው ሥርዓት ካላገኘ ቶሎ ወደ ክርክር፥ ከክርክርም ወደ ችኮላ ይሄዳል። አሙንሰን በ1911 ዓ.ም. ያጣውን ይህን ነገር አሁን አገኘው ለማለት እንችላለን።

መጀመሪያ የሞከሩት ውኃው በተከፈተበት ስፍራ በረጋው አዲስ በረዶ ላይ ነበር። በረዶው ቀጭን ስለ ነበረ አይሮፕላኑን ሊሸከም አልቻለም፤ እየሰበረ ገባ። ሌላ ስፍራ ጠርገው ሞከሩ፥ አልሆነም። አንድ ጊዜም ተኝተው ሳሉ የበረዶው ግድግዳ ከሁለት ወገን እየቀረበ መጥቶ አይሮፕላኑን ሊጨፈልቀው ሲል፥ ከእንቅልፍ ነቅተው በጭንቅ አዳኑት። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የቀረው ቤንዚን ይቀንስ ነበር፤ ስንቁም እንዲሁ። በዚህ ስፍራ ያለው ፈተና ለአንባቢ ሊሰወር አይገባም፤ መቆየት በራሱ ዋጋ ያስከፍል ነበርና። ሳይዘጋጁ መነሣት ሞት ነበረ፥ ያለ መጠን መቆየትም ሞት ነበረ።

በጁን ወር መጀመሪያ ሪሰር ላርሰን ከአንድ ባልንጀራው ጋር በጉም ውስጥ ሲፈልግ ሰፋ ያለና የጸና የበረዶ ገበታ አገኘ። አይሮፕላኑን ወደዚያ ለማድረስ ስንጥቁን በበረዶ ግንድ እየሞሉ ድልድይ ሠሩ፥ ቍልሉንም እየፈለጡ መንገድ አወጡ። ከደረሱ በኋላ 500 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መንደርደሪያ መሥራት ጀመሩ። በላዩ የተኛው አመዳይ እስከ ወገብ የሚጠጋ ጥልቀት ነበረው። በአካፋ ጠርገው እስከ ታችኛው በረዶ ለመድረስ ሲደክሙ፥ ኃይላቸው ከስንቃቸው በፊት የሚያልቅ መሰለ። ያን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ አመዳዩን መጥረግ ትቶ በእግሩ ይረግጠው ጀመረ፤ የተረገጠውም በውርጭ ሲመታ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። አለቃው ይህን ባየ ጊዜ የራሱን አሳብ አልያዘም፤ ሁሉም አካፋቸውን ጥለው፥ እህል እንደሚያበራይ በሬ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ይረግጡ ጀመር። የምክር ቃል ከታናሽ ሲመጣ መቀበል እንዲህ ነው። ያወጡት በረዶና አመዳይ ሁሉ ተደምሮ ከ500 ቶን እንደማያንስ ገመቱት።

ሥራው እየተሠራ ሳለ አንድ ነገር አስቀድመው ወሰኑ። ጁን 15 ቀን የመጨረሻው ቀን እንዲሆን ተስማሙ። እስከዚያ ካልተነሡ፥ እያንዳንዱ ሰው በፈቃዱ ይመርጣል፤ ወይም የቀረውን ስንቅ ተሸክሞ በእግሩ ወደ ግሪንላንድ ይሄዳል፥ ወይም ከአይሮፕላኑ ጋር ቆይቶ ውኃ እስኪከፈት ይጠብቃል። ግሪንላንድ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር፤ በዚያ ሰውነትም የሚደርስ አይመስልም ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ልቤን የሚነካው መነሣታቸው ሳይሆን ይህ ቀን መቍረጣቸው ነው። ረኃቡ ሳይበረታ፥ አእምሮአቸው ገና ረግቶ ሳለ ቀኑን ስለ ወሰኑ፥ በኋላ ተስፋ መቍረጥም ሆነ ምኞት ውሳኔውን ሊሰርቃቸው አልቻለም።

ጁን 14 ቀን መንደርደሪያው አለቀ። የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ አየሩ ግን ሞቆ አመዳዩ ለስልሶ ነበር። ሪሰር ላርሰን ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሞተሮቹ በሙሉ ኃይላቸው ጮኹ፤ አይሮፕላኑ ግን በእርጥቡ አመዳይ ተይዞ የሚበቃውን ፍጥነት ሳያገኝ ቀረ። ለሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም። የመንደርደሪያው ጫፍ ውኃና ቍልል በረዶ እንደ ሆነ፥ ከዚያ ያለፈ አይሮፕላን ሁለተኛ እንደማይመለስ ያውቅ ነበርና። አንድ ቀን ብቻ ቀርቷቸው ሳለ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። የወቀሰውም አልነበረም።

በዚያች ሌሊት ውርጭ ወረደ። በማግሥቱ ጧት የተረገጠው አመዳይ ደርቆ ጠነከረ፤ ቀላል ነፋስም ለመነሻ ከሚመች ወገን ነፈሰ። ያላስፈለገውን ሁሉ አወጡ፤ የሸራ ታንኳቸውን፥ ጠመንጃቸውን፥ ፎቶግራፍ ማንሻቸውን፥ ከባድ ልብሳቸውን ሳይቀር በበረዶው ላይ ጣሉት። ይህንን ያህል ርቀት ተሸክመው ያመጡት ዕቃ ስለ ነበረ መጣሉ እንደ ቀላል አይታይም፤ ብዙ ሰው ጕዞው ሲከብደው ነፍሱን እስኪጥል ድረስ ዕቃውን አይጥልም። ከዚያ በኋላ ስድስቱም ገቡ። ሪሰር ላርሰን ሞተሩን አስነሣ፤ አይሮፕላኑ ተንሸራተተ፥ ዘለለ፥ ተንቀጠቀጠ፤ መንደርደሪያው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መንቀጥቀጡ ቆመና ከበረዶው ተለየ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል በጉም ላይና በጉም ውስጥ ከበረሩ በኋላ ክንፉን የሚያስተካክለው መሣሪያ አልታዘዝ አለ፤ ቤንዚኑም ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከስፒትስበርገን በስተ ምሥራቅ ባለው ደሴት አጠገብ በማዕበል ላይ አረፉ። ጥቂት ቆይቶ የአዳኞች መርከብ ሳታያቸው ልታልፍ ስትል፥ አይሮፕላኑን በውኃው ላይ እየነዱ ተከትለው ደረሱባት። ዓለም ሁሉ እንደ ሞቱ ቈጥሯቸው ነበር። ኤልስዎርዝ አባቱ እርሱ በበረዶ ላይ ሳለ እንደ ሞተ የሰማው ከተመለሰ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በሜይ 1926 ዓ.ም. አሙንሰን፥ ኤልስዎርዝና ጣልያናዊው ኖቢሌ ኖርጌ በምትባል በጋዝ የምትንሳፈፍ የአየር መርከብ በሰሜን ዋልታ ላይ አልፈው አላስካ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ግን ክብሩ የማን ነው በሚል ክርክር አሙንሰንና ኖቢሌ በጋዜጣና በመጽሐፍ ተሰዳደቡ። በዚህም ክርክር የአሙንሰን ብዕር መራራ ነበር፤ የቀድሞ ወዳጆቹም ብዙዎቹ ራቁት።

በሜይ 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የኖቢሌ አዲስ የአየር መርከብ በበረዶ ላይ ወደቀች። ወሬዋ መጥፋቱ ሲሰማ አሙንሰን በኦስሎ በአንድ ግብዣ ላይ ነበረ፤ ለፍለጋ ይሄድ እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ሳያመነታ እሺ አለ። የሰደበውን ሰው ለማዳን ነው። ቂምን እንዲህ የሚሽር ነገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ነገር ግን ገንዘብም አይሮፕላንም አልነበረውም፤ ቀኖቹም ያልፉ ነበር፤ ሌሎች ፈላጊዎች፥ ሪሰር ላርሰንም ጭምር፥ ቀድመውት ሄደዋል። በመጨረሻ የፈረንሳይ መንግሥት ላታም 47 የሚባል የባሕር አይሮፕላን ከነሠራተኞቹ ሰጠው። አይሮፕላኑ የተሠራው ሰፊ ውቅያኖስ ለመሻገር ነበረ፥ በበረዶ ላይ ለማረፍ አይደለም። አሙንሰን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ሁለት አይሮፕላን አብሮ ይሂድ የሚለውም የራሱ ሥርዓት ነበረ።

በጁን 18 ቀን ከትሮምሶ ከተማ ለብቻው ተነሣ፤ ከእርሱም ጋር በ1925 ዓ.ም. በበረዶ ላይ አብሮት የነበረው ዲትሪክሰንና አራት የፈረንሳይ ሰዎች ነበሩ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሬዲዮአቸው ዝም አለ። ኖቢሌን ከስድስት ቀን በኋላ አንድ የስዊድን አብራሪ አነሣው፤ ሌሎቹን የሩስያ የበረዶ ሰባሪ መርከብ ክራሲን በጁላይ 12 ቀን አዳነቻቸው።

በኦገስት 31 ቀን አንዲት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በሰሜን ኖርዌይ ባሕር ላይ ከላታም 47 ክንፍ ሥር የተገነጠለች ተንሳፋፊ አገኘች። በኦክቶበር ወር ደግሞ ከዚያው አይሮፕላን የሆነ የቤንዚን ታንክ ተገኘ፤ ቀዳዳውም በእንጨት ውታፍ ተደፍኖ ነበር። ታንኩን ያዩ ሰዎች፥ አይሮፕላኑ በባሕር ላይ ካረፈ በኋላ በሰዎቹ እጅ እንደ ተሠራና በተገነጠለችው ተንሳፋፊ ፈንታ ሊያስሩት ሞክረው እንደ ነበር ገመቱ።